እስከ ኮሶው ዛፍ የተሸኘሁበት ጉዞ

ይህን የምጽፈው አዳማ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ከጉና ብርድ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ጉልበቴ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ጉና የት እንደሆነ ለማታውቁ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደመና ለብሶ የሚያድር ተራራ አለ፤ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ከፍታውን በቃሌ ስጠራ ኖሬአለሁ። የአባቴ አገር ቢሆንም ለመጨረሻ ጊዜ የረገጥኩት ግን ገና ተማሪ ሳለሁ ነበር።

ዘንድሮ የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። የአባቴን ታላቅ ወንድም፣ አያ ዋሴን፣ ይዤ ለመምጣት ነው። አያ ዋሴ ሰማንያውን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ባለፈው መስከረም ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው፤ አንደበታቸውንም ያዘባቸው። አባቴም በዚሁ በሽታ ነበር የወደቀው። አንድ ክፍል ለቀቅንለት፣ ሰው ቀጠርንለት፣ በማንኪያ አጎረስነው፤ ሁለት ዓመት ተኝቶ እዚያው አረፈ። ታላቅ ወንድሙ መንገድ ተዘግቶባቸው ለቀብሩ እንኳ አልደረሱም። ክፍሏ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነበረች። የአያ ዋሴ የመጨረሻ ልጅ አበዙ ደውላ «አባዬ የአባትህን ስም እየጠሩ አስቸገሩን፣ መጥተህ እያቸው» ስትለኝ፣ ሚስቴ በዚያው ሳምንት አዲስ ፍራሽ አስገባች። አበዙ ያለችኝ «እያቸው» ነበር፤ እኔ የሰማሁት «ውሰዳቸው» ነው።

ረቡዕ

ጥምቀት አልፎ፣ መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ከአዲስ አበባ የባሕር ዳር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከአንድ ሻንጣ ሌላ የያዝኩት የአባቴን ዊልቸር ነበር። ታጥፎም ቢሆን ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አልገባ ብሎ ረዳቱን አሰቃየው።

«አባት፣ እርስዎ ነዎት የሚቀመጡበት?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት፣ ከፊት ወንበር የነበረ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «ኧረ እዚህ ይቀመጡ፤ እግርዎን ይዘርጉ» አለኝ። እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር። ወንበሩን ሳየው ግን አፌን ዘጋሁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንወርድ ማነከስ ግድ ሆነብኝ፤ ሳላነክስ ብወርድ ሰዉ ምን ይለኛል? አንዲት ሴትዮ ደግፋ አወረደችኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ «እንዲያው ትንሽ ይቅመሱ» እያለች አጎረሰችኝ። መንገደኛው በሙሉ «እግዜር ይማርዎ» ሲለኝ እኔም «አሜን» እላለሁ። ከዚያ በፊት ዓባይን ወርደን ስንወጣ እንኳ ውኃ አቀባዬ ብዙ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም አላሠራኝም። ማታ ባሕር ዳር ስንደርስ ከወንበሩ ልነሳ ብል እግሬ በእውነት አልታዘዝ አለኝ፤ ማነከሴም የምር ሆነ።

ፔንሲዮን ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት የደም ግፊት መድኃኒቴ የለም። አዳማ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቼዋለሁ። «ለስድስት ቀን ምን ይመጣብኛል» ብዬ ተኛሁ። የባሕር ዳር አየር የአዳማን ይመስላል፤ አንሶላ ብቻ ይበቃል። ይህን ማለቴን በማግስቱ ተጸጸትኩበት።

ሐሙስ

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ መንገዱ ሜዳ ነው። የፎገራ ሰው እንጀራውን በሩዝ ቀላቅሎ ይጋግራል፤ ወረታ ላይ ቁርስ የቀረበልኝ ነጭ እንጀራ ከአዳማ ነጭ ጤፍ ይበልጥ ይነጣል። ከወረታ በኋላ መኪናው ሽቅብ መውጣት ያዘ፤ የዓለም ሳጋን ጫካ አልፈን ደብረ ታቦር ስንገባ ሹራቤን ደርቤ ኮቴን ደገምኩበት።

አበዙ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሠላሳዎቹን ያገባደደች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። ስድስት ዓመት ቤሩት ሠርታ ተመልሳለች። ተሳስመን ሳንጨርስ ዓይኗ ዊልቸሩ ላይ አረፈ።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ለአያ ዋሴ ነዋ።»

«ኧረ ወዲያ! አባዬ ይኼን ካዩ በበትር ነው የሚያባርሩህ» ብላ ሳቀች። ቅር አለኝ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ተሸክሜ የመጣሁት ዕቃ ነው።

በየወሩ የአባቷን መድኃኒት የምትወስደው ከከተማው ሆስፒታል ስለሆነ አብረን ሄድን። አያ ዋሴን ያከማቸው ሐኪም የልጄ እኩያ የሚሆን ወጣት ነው። አጎቴን አዳማ ልወስድ መምጣቴን ስነግረው ወንበር ሳበልኝ።

«በአያቶቼ ጊዜ እዚህ ዕድሜ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነበር» አለኝ። «ወባው፣ ወሊዱ፣ ረኃቡ ቀድሞ ይወስደው ነበር። አሁን ሰው ይሸመግላል፤ ደም ግፊቱም አብሮት ይሸመግላል። ወጣት አይመታም አልልዎትም፤ ግን ሰው ‹ስትሮክ በዛ› ሲለኝ ‹ሽማግሌ በዛ› እለዋለሁ። ሽማግሌ በመብዛቱ ደግሞ ማን ይከፋዋል?»

«ታዲያ የተረፉት እንዲህ ተኝተው...»

«ጥያቄው እሱ ነው። ድሮ የተመታ ሰው ሲሞት ነበር የምናየው። አሁን የሚተርፈው እየበዛ ነው። ተርፎ እንዴት ይኖራል? የእርስዎ አጎት በሰዓቱ ደረሱልኝ። በሦስተኛው ቀን የሚመጣልኝም አለ፤ እሱን ማዳን ከባድ ነው።»

አዳማ ቢሄዱ ይሻላል ወይ ስለው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበ። ዳግም ቢመታቸው ሆስፒታል እንደሚቀርባቸው አልካደም። «ግን እዚያ ማን ያስኬዳቸዋል?» አለኝ። «ሰው እንቀጥራለን» አልኩ። «የሚያስተኛ ሰው ማግኘት ቀላል ነው» አለና የእኔን ክንድ ሳበ። የደም ግፊቴን ለክቶ ፊቱ ተቀየረ። መድኃኒቴን መርሳቴን፣ ከዚያም በፊት ደህና ስሆን እየዘለልኩ መዋጤን ሳልወድ በግዴ ተናዘዝኩ። አበዙ በልጅ ፊት እንደተያዘ ሽማግሌ አንገቴን መድፋቴን እያየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ደብረ ታቦር የመጣሁት ታማሚ ልወስድ ነበር፤ መድኃኒት ተሰጥቶኝ ወጣሁ።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት ሁለት ብርድ ልብስ ላይ ሦስተኛ ደርባልኝ፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ የራሷን የሱፍ ባና ይዛ መጣች። «ለቆላ ሰው ይኼም አይበቃው» አለች። አዳማ ለማራገቢያ ነው ገንዘብ የምናወጣው።

ዓርብ

እስከ ጋሳይ በሚኒባስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ በቅሎ ነው። አበዙ ሁለት በቅሎ ተከራየች፤ አንዷ እኔን፣ ሌላዋ ዊልቸሩን ጫነች። ንፋስ ሲነፍስ የዊልቸሩ ጎማ በራሱ መሽከርከር ጀመረ። የእኔዋ በቅሎ ከጎኗ የሚዞረውን ነገር አየችና ወደ ገብስ ክምር ዘላ እኔን እዚያው ትታኝ ሄደች። ገብሱ ባይኖር ይህን ማስታወሻ የሚጽፍ አይኖርም ነበር። አውድማ ላይ የነበሩት ገበሬዎች እየሮጡ መጥተው ልብሴን አራገፉልኝ፣ ጠላ ሰጡኝ፤ የማን እንግዳ መሆኔን ሲሰሙ ደግሞ «የዋሴ ነው!» ብለው በቅሎዋን አሳደው አመጡልኝ። እነዚህ ሰዎች በመስከረም አያ ዋሴን በቃሬዛ የተሸከሙት ናቸው። አበዙ ታሪኩን የነገረችኝ ከዚያ ተነስተን ስንሄድ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት አያ ዋሴ ገብሳቸውን አይተው ሲመለሱ አፋቸው ተጣመመ፣ እግራቸው ከዳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «መጋኛ ነው የመታቸው» አለ። መጋኛ ለመታው ሰው መፍትሔው ጠበል ነውና ወደ ሚካኤል ጠበል ሊወስዷቸው ተነሡ። አበዙ ግን ቤሩት ያስታመመቻቸው አሮጊት እንዲሁ አፋቸው ሲጣመም በዓይኗ አይታለች። «ሐኪም ቤት! አሁኑኑ!» ብላ ጮኸች። «በጠበል የማታምን፣ አረብ አገር ከርማ የመጣች» አሏት። ሰው ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር የደብሩ ቄስ መምሬ ጥበቡ ደረሱ።

«መምሬ ምን አሉ መሰለህ» አለችኝ አበዙ፣ በቅሎዬን ከፊት እየመራች። «‹ጠበሉ ቃሬዛውን ይከተላል እንጂ ቃሬዛው ጠበሉን አይከተልም› አሉ። ጀሪካን አስሞልተው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ እስከ ጋሳይ በእግራቸው አብረውን ወረዱ። እየረጩ፣ እየጸለዩ። ማን ይከራከራቸው?»

ሰዉ እየተፈራረቀ ተሸከመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ በቅሎ ሁለት ሰዓት የሚፈጅባትን መንገድ ከዚያ ባነሰ ወረዱት። ወተት ሊያጠጧቸው የመጡትን ሴቶች አበዙ እጃቸውን ይዛ ከለከለች፤ መዋጥ የማይችል ሰው በጀርባው ተኝቶ ከጠጣ ወደ ሳንባው ይገባል። እኔ አባቴን በጀርባው አስተኝቼ ሁለት ዓመት አጎርሼዋለሁ። ይህን ለአበዙ አልነገርኳትም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።

ስንደርስ አያ ዋሴ ከቤታቸው ደጅ፣ አጎዛ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ቁመታቸው ያው ነው፤ ፊታቸው ግን በአንድ ወገን ወርዷል። ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ።

«ታከለ!» አሉ።

ታከለ አባቴ ነው። «ልጁ ነኝ አያ ዋሴ፤ የታከለ ልጅ» አልኳቸው።

«ታከለ» አሉ እንደገና፣ በግራ እጃቸው ጉንጬን ይዘው። የቀራቸው ቃል ይቆጠራል፤ «ታከለ»፣ «ተው»፣ «እሺ»። እንጀራ ማለት፣ ውኃ ማለት ተስኗቸዋል። አበዙ ግን «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ስትጀምርላቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በግዕዝ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ ይወርዱታል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የዚህን ሥራ ሐኪሙ ያውቀው ይሆናል፤ ለእኔ ግን ቤት ተቃጥሎ መሠዊያው እንደተረፈ ሆኖ ታየኝ።

ዕለቱ ጾም ስለነበር ድንች ቅቅል በአዋዜ፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ጠቅልዬ ላጎርሳቸው እጄን ስዘረጋ አበዙ ያዘችኝ። በግራ እጅ መብላት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ የታመመውን ቀኝ እጃቸውን በእጇ ደግፋ፣ ጣቶቻቸውን እንጀራው ላይ አሳርፋ፣ ራሳቸው እስኪቆርሱ ትጠብቃለች። አንድ ጉርሻ እኔ ሦስት እስክውጥ ይፈጃል። እኛ ቤት ማንም እንዲህ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሁላችንም ሥራ ነበረብን።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ውርጭ አድሮ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጋ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጠያቂ መምጣት ጀመረ። አንዱ ድንች ይዞ፣ አንዷ እንቁላል ይዛ፣ አንዱ ባዶ እጁን። «እግዜር ይማርዎ» ብለው ይቀመጣሉ፣ ስለ ገብሱና ስለ በጎቹ ያወራሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ። እስከዚህ ድረስ ከአዳማ ልዩነቱ ጠላው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ሲነሳ ግን አያ ዋሴ በትራቸውን ጨበጡ። ሊነሱ ነው። እኔ ብድግ ብዬ ትከሻቸውን ያዝኩ።

«ኧረ በሚካኤል! አይነሱ አያ ዋሴ፣ አይነሱ!»

ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያፏጨሁ ይመስል አየኝ። አበዙ በእርጋታ እጄን ከትከሻቸው አነሳችው።

«በዚህ ቤት ‹አይነሱ› አይባልም» አለችኝ።

በዚያ አገር እንግዳ ሲነሳ ባለቤቱ ይነሳል፤ ይሸኛል። እንግዳው «ይመለሱ» ይላል፣ ባለቤቱ «ጥቂት ልራመድ» ይላል፤ ተራ ሰው እስከ አጥሩ በር፣ የከበረ እንግዳ ከአጥር አልፎ። አያ ዋሴ ከሆስፒታል ሲመለሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። አበዙ ቤሩት እንደተማረችው «አንድ፣ ሁለት» እያለች እግራቸውን ልታንቀሳቅስ ስትል «ተው» ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን መምሬ ጥበቡ ጠይቀዋቸው ሊሄዱ ሲነሱ ግን አያ ዋሴ ከመደቡ ለመነሳት ተነቃነቁ። ቄስ ሳይሸኝ እንዴት ይሄዳል! አበዙ ያን ጊዜ መላው ገባት። በማግስቱ በየቤቱ ዞራ ሰዉን ተራ አስያዘች። «በአንድ ቀን ተሰብስባችሁ አትምጡ፤ ተራ በተራ ኑ። ‹አይነሱ› የሚል ሰው ደግሞ ባይመጣ ይሻለኛል» አለቻቸው። ለዚያ አገር ሰው የታመመ ሽማግሌ ሲነሳለት ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው፤ አንደበቱ ይበላዋል። ቻሉት ግን። መጀመሪያ የሸኙት ከመደቡ ጫፍ ነበር፣ በኅዳር እስከ ደጃፉ፣ ገና ሲደርስ እስከ አጥሩ በር፣ ለጥምቀት እስከ ምንጩ።

አዳማ ፊዚዮቴራፒ በቀጠሮ ነው፤ አባቴን ሦስት ቀን ወስደነው አቆምን። እዚህ ወራት ሙሉ አንድ ቀን ሳይታጎል አገሩ ሁሉ አያ ዋሴን በሽኝት ያስኬዳቸዋል። ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ ነገር የለም።

የመጣሁበትን ጉዳይ ግን መናገር ነበረብኝ። ጠያቂው ሲያልቅ እሳቸውና አበዙ ፊት ተቀመጥኩ። ክፍሉ እንደተዘጋጀ፣ ሐኪም ቤቱ ከቤታችን በእግር የሚደረስ እንደሆነ፣ ዳግም ቢመታቸው ያ ሁሉ ዳገት እንደሚያሰጋኝ ነገርኳቸው። አያ ዋሴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ተው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሺ» አሉ። ከዚያ «ታከለ»። የትኛው ነው መልሱ? እኔና አበዙ ተያየን።

«በአፋቸው ካልሆነላቸው በእግራቸው ይመልሱልህ» አለች አበዙ በመጨረሻ። ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ሰኞ ሲሄድ እስከ ኮሶው ይሸኙት። ኮሶው ከደረሱ እዚህ ከእኔ ጋር ይቀራሉ። ካልደረሱ ግን፣ ‹እንቢ ብለዋል› ብዬ አልከራከርም፤ አብረውት ይሄዳሉ።»

አያ ዋሴ ወደ ውጭ፣ ወደ ዳገቱ አዩ። «እሺ» አሉ።

ኮሶው መንገዱ ቁልቁል መውረድ በሚጀምርበት ተረተር ላይ ያለ ትልቅ ዛፍ ነው። ከቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ከምንጩ በኋላ ያለው ግን ዳገት ነው። በጤናቸው ጊዜ የክብር እንግዳ የሚሸኙት እዚያ ድረስ ነበር። ከታመሙ ወዲህ ማንንም እዚያ አላደረሱም። ውጭ ስንወጣ አበዙ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ከምንጩ አልፈው አያውቁም፤ ምን አስለፈለፈኝ» አለች።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ጥበቡ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ቀጭን፣ ሳል የሚያስቸግራቸው፣ ተጫዋች ካህን ናቸው።

«እኔ ቅስና ስቀበል» አሉኝ «ከምንቀብረው ሦስት አንዱ ሕፃን ነበር። እናት በልጅዋ ላይ ስትወድቅ ማየት ነው ያስረጀኝ። አሁን ፍትሐት የማደርሰው ለሽማግሌ ነው። እግዜር ዕድሜ ሰጠን። ዕድሜ ብቻውን አይመጣም ልጄ፤ ይኼን በሽታም አስከትሎ መጣ። ታዲያ እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ሥርዓት ማበጀት አለብን።»

ከዚያ ዊልቸሩን ለሌላ ሰው ጠየቁኝ። የእኔ አመጣጥ በአገሩ ከተሰማ ቆይቷል። የአያ ዋሴ ጎረቤት እትዬ ብርቄ ዓምና በዚሁ በሽታ ተመትተው፣ አምስት ቀን ጠበል ሲረጩ ቆይተው ነው ሐኪም ቤት የደረሱት። መቀመጥ እንጂ መቆም አልቻሉም። ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም። «ያን ጊዜ እኔም ‹ጠበሉ ይቅደም› ካሉት ነበርኩ» አሉ መምሬ፣ መስቀላቸውን እያገላበጡ። «ጀሪካኑን ያሸከመኝ የብርቄ ነገር ነው።»

ዊልቸሩን ለእሳቸው ተውኩት፤ በዚያ ድንጋይ ላይ ግን አልሽከረከርም አለ። አራት ጎረምሶች እትዬ ብርቄን እንደተቀመጡ አንሥተው፣ እንደ ታቦት ቀስ ብለው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አመጧቸው። ሣሩ ላይ ሲያርፍ ጎማው ዞረ። እትዬ ብርቄ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞሩ። እኔ ገፋሁላቸው። አባቴ የተቀመጠበት ወንበር ከግድግዳ ርቆ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰኞ

ውርጩ እስኪሟሟ ጠብቀን ወጣን። ሰው እንዲህ ይሰበሰባል ብዬ አላሰብኩም፤ የአውድማው ገበሬዎች፣ እንቁላል አምጪዋ፣ መምሬ ጥበቡ ሳይቀሩ አጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ማንም ስለ ውሉ አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ያውቃል።

አያ ዋሴ በርኖሳቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን በግራ ይዘው ተነሡ። ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይጠርጋል። አጥሩን አለፍን። እስከ ምንጩ ሳያርፉ ደረሱ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል፣ ከንፈራቸው ገረጣ። አንዴ ሽቅብ አዩ፣ አንዴ እኔን።

«ይበቃል» ልል ነበር። ብል ደግሞ ጉዳዬ ተፈጸመ፤ ይዣቸው እሄዳለሁ። አበዙ ፊቷን ወደ ምንጩ አዙራ ቆማለች። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣሁለት ነገር በእጄ ገብቶ ሳለ እግዜርን «ይነሡ» ብዬ ለመንኩት።

አያ ዋሴ ተነሡ። በትራቸውን ተከሉና «አቡነ» አሉ፤ አንድ እርምጃ። «ዘበሰማያት»፤ ሁለተኛ እርምጃ። ጸሎቱ እግራቸውን እየጎተተ፣ በየቃሉ አንድ እየተራመዱ ዳገቱን ያዙ። ሲያልቅ እንደገና ጀመሩት። መምሬ ጥበቡ በለሆሳስ ተከተሏቸው፤ ከዚያ ሰዉ፤ ከዚያ እኔ። ስንት ጊዜ እንደደገምነው አላውቅም። መጨረሻ ላይ «አሜን» ሲሉ ግራ መዳፋቸው የኮሶውን ግንድ ነካ።

እልል የሚል እንኳ አልነበረም። አበዙ ብቻ መሬት ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አያ ዋሴ ተራ በተራ ጉንጮቼን ሳሙኝ። «ታከለ» አሉኝ።

«አቤት» አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳርማቸው ነበር፤ ወንድማቸውን ሳይሸኙ መቅረታቸው የገባኝ ያኔ ነው። «አቤት ወንድም ጋሼ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሻንጣዬን አንግቼ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ጥቂት ሄጄ ዞር ብል ቆመዋል። እንደገና ዞር ብል ቆመዋል፤ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታየኛል። በእጄ «ይመለሱ» አልኳቸው። ንቅንቅ የለም። የሸኘ ሰው እንግዳው ከዓይኑ ሳይጠፋ ጀርባውን አይሰጥም፤ እኔ ከመንገዱ መታጠፊያ ካልደረስኩ አያ ዋሴ አይቀመጡም። መታጠፊያው ደግሞ ገና ከታች ነው።

ስለዚህ ሮጥኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በከተማ ጫማ፣ ሻንጣዬ ጀርባዬን እየደለቀኝ፣ አቧራ እያስነሳሁ ሮጥኩ። ከኋላዬ የአያ ዋሴን ሳቅ ሰማሁ። እንደ ድሮው፣ ከሆዳቸው የሚወጣ ሳቅ ነው። መታጠፊያውን አልፌ፣ ከዓይናቸው ስሰወር፣ ድንጋይ ላይ ተዘረገፍኩ።

እዚያ ትንፋሼን ስሰበስብ ያቺ ክፍል ትዝ አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ አባቴን ስንት ሰው ጠይቆት ሄደ! ጠያቂ በተነሳ ቁጥር አባቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና ይል ነበር። ትከሻውን ይዤ መልሼ የማስተኛው፣ «አትነሳ፣ አትነሳ» የምለው እኔ ነበርኩ።